ያገለገለ ፈጣን መኪና ደብረ ብርሃን ላይ፦ ከፍለጋ እስከ ጋራዥ

መስከረም መጨረሻ

በጀቴ አንድ ደህና ኮሮላ ይገዛል። እሱን ትቼ በዛው ብር ያገለገለ ፈጣን መኪና ልገዛ ነው፣ ስለዚ ያየሁትን፣ የፈታሁትን፣ ያሰላሁትን ሁሉ እዚ አስቀምጣለሁ። ኮሮላ ግዛ ምትሉኝ ሰዎች ልክ ናችሁ፣ ኮሮላ ዛሬ ብታወጣው ነገ ይሸጣል፣ ዕቃውን በእግርህ ሄደህ ታመጣለህ፣ የማይነካካው መካኒክ የለም፣ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፣ ግን ጣርማበርን ስወጣ ከሲኖ ኋላ ተለጥፌ ጭስ እየጠጣሁ መኖር ሰልችቶኛል በቃ። አልፎ ለመሄድ ጉልበት ያስፈልጋል፣ የኔዋ አሮጌ ቪትዝ ደግሞ እዛ ዳገት ላይ ነዳጅ ብትረግጣት ድምፅ እንጂ ፍጥነት አትጨምርም።

ገበያውን ለማያውቅ፦ አውሮፓ ውስጥ 20 ዓመት ሊሞላው የደረሰ ፈጣን መኪና ዋጋው ወርዶ ወርዶ አንድ ትልቅ ጥገና ከመኪናው ሚወደድበት ደረጃ ይደርሳል። እኛ ጋ እንደዛ ሚባል ነገር የለም። የኤክሳይዝ አዋጁ (1186/2012) ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ጫነባቸው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ቆመ፣ ስለዚ ያለው ከዛ በፊት የገባው ብቻ ነው፣ እሱም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይሄ ነገር ዋጋውን ብቻ አይደለም ያወደደው። ኮሮላ ተጋጭቶ ሲፈርስ ዕቃው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ዕቃ ገበያው፣ ይገባና ለስንቱ ይደርሳል፣ ፈጣን መኪና ግን መጀመሪያውኑ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሚፈርስለት ወንድም የለውም።

ወረቀት ላይ መስመር አስምሬ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ዘይት፣ ፍሬን፣ ኢንሹራንስ፣ ቦሎ ብዬ ከፋፈልኩት። በብር አልፃፍኩትም ምክንያቱም ዛሬ የፃፍከው ብር በወሩ ውሸት ይሆናል፣ በሙሉ ታንክ ነው ማሰላው፣ አንድ ታንክ 55 ሊትር ብዬ። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ታንክ ራሱ ደህና መለኪያ ሆኗል። ባለቤቴ ወረቀቱን አየችው፣ ስንት ይበላል ምናምን አላለችም፣ "እሺ ይሄስ ይሁን፣ ሲበላሽ ስንት ቀን ነው ሚቆመው?" አለችኝ። ያን ቀን አንድ መስመር ጨመርኩበት፣ "ሚቆምበት ቀን" ሚል። አሁን ሳየው ትልቁ መስመር እሱ ነው።

ጥቅምት

ሦስት እጩ ላይ ቆሜያለሁ። ቢኤምደብሊው 330አይ፣ ያ ኢ46 ሚባለው ቦዲ፣ 3 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር። ቶዮታ ሴሊካ ጂቲኤስ፣ 1.8። አምስተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ፣ 2 ሊትር ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ሚያስገባ መሣሪያ) ያለው። በወረቀት 231፣ 180 እና 200 ፈረስ ጉልበት ናቸው።

ግን ይሄ ወረቀት ባህር ዳርቻ ላይ ነው የተፃፈው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ናት፣ የአየሩ ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው 70 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሰጠኸውን አየር ነው ሚተነፍሰው፣ ስለዚ ከሩብ በላይ ጉልበቱ እዚ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ቀርቷል። 330አዩ ወደ 165፣ ሴሊካው ወደ 130 ይወርዳል ማለት ነው። ጂቲአዩ ጋ ስትመጣ ቱርቦው የጎደለውን አየር ስለሚሞላ አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይቆያል። በነፃ አይደለም ታዲያ፣ ያንን ለመሙላት ከባህር ዳርቻው ይበልጥ በፍጥነት መሽከርከር አለበት፣ የሚጨምቀው አየርም ይበልጥ ይሞቃል።

ሁለተኛው ነገር ኦክቴን ነው፣ ቤንዚኑ ሲጨመቅ በራሱ ሳይቀጣጠል ምን ያህል እንደሚቋቋም ሚናገረው ቁጥር። ለጂቲአዩ ፋብሪካው ሚመክረው 98 ነው፣ 95 ጉልበት እየቀነሰም ቢሆን ይሄዳል ይላል። እኛ ማደያ ላይ ምርጫ ሚባል ነገር የለም፣ ቤንዚን ቤንዚን ነው፣ እሱም ከተገኘ። ቱርቦ የሌላቸው ሁለቱ እዚ ከፍታ ላይ ሲሊንደራቸው ውስጥ ሚገባው አየር ስላነሰ ሞተር የማንኳኳት (ቤንዚኑ በራሱ የመቀጣጠል) ፀባያቸውም ይቀንሳል፣ ዝቅ ያለ ቤንዚን ይችላሉ። ቱርቦው ግን አየሩን መልሶ ስለሚሞላው ያ እፎይታ የለውም፣ ኮምፒውተሩ ማንኳኳት ሲሰማ የካንዴላውን እሳት ያዘገየዋል፣ ጉልበቱም ትንሽ ይወርዳል። ስለዚ "ከፍታ ላይ ቱርቦ ያሸንፋል" ሚለው እውነት ነው፣ ግን በሙሉ 200 አይደለም፣ ሲወርዱ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ደግሞ ይበልጥ ይለያል።

የነዳጅ ፍጆታ ላይ ሰው ብዙ ጊዜውን ያጠፋል፣ እኔ በአጭሩ ነው ያለፍኩት። በፋብሪካው ቁጥር ጂቲአዩ በ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር፣ 330አዩ 9 ሊትር አካባቢ ናቸው። ዓመት ላይ 12,000 ኪሎሜትር ብነዳ ልዩነቱ 120 ሊትር ነው፣ ሁለት ታንክ ከምናምን። አንድ ጎማ ድንጋይ ላይ ብትፈነዳ ይሄን ልዩነት በአንድ ቀን ትበላዋለች።

ጎማውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። 330አዩ የፊት ፍሬን ዲስኩ 325 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ17 ኢንች ያነሰ ቸርኬ አታስገባበትም፣ ጎማው ደግሞ ጎኑ አጭር ነው፣ እዚ ጉድጓድ ላይ ቸርኬውን ነው ሚመታው። ጂቲአዩ 312 ስለሆነ 16 ኢንች ይገባበታል። 225/45 የ17ቱን አውጥተህ 205/55 የ16ቱን ብታስገባ ዙሪያው ስምንት ሚሊሜትር እንኳን አይለያይም፣ የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም፣ ያቺ ጎማ ደግሞ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የመጡ ብዙ ኮሮላዎች ሚያደርጓት ስለሆነች ማንኛውም ጎማ ቤት አለች። ይቺን ሳገኝ ጂቲአዩ በወረቀቴ ላይ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ።

ኅዳር

330አይ አየን። ጠዋት ነው የሄድነው፣ በውርጭ፣ ሆን ብለን። ሻጭ ሁሌ ደንበኛ ሳይመጣ ሞተር አሙቆ ነው ሚጠብቅህ፣ የሞቀ ሞተር ደግሞ ብዙ ነገር ይደብቃል። "ስንመጣ እንዳታስነሳው" ብለነው ነበር፣ ኮፋኖው ላይ እጄን ሳሳርፍ ለብ ብሏል። መካኒኬ ጋሼ ምንም አላለም፣ ዞር ብሎ አየኝ ብቻ።

ጋሼ መጀመሪያ የከፈተው የፕላስቲክ ውሃ መያዣውን ነው። ቡና መሳይ ውሃ። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አይደለም፣ የቧንቧ ውሃ ነው፣ ዝገት ያለው። እዚ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስለዚ መኪና ሲያወራ "ራዲያተሩ ያስቸግራል" ብሎ ያልፋል። የዚ ሞተር ተርሞስታት፣ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ሚለቀው በር፣ ሚከፈተው 97 ዲግሪ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ ሚፈላው 90 ላይ ነው። ማለትም ሲስተሙን ሚያድነው ክዳኑ ሚይዘው ግፊት ነው፣ ክዳኑ ትንሽ ካፈሰሰ ወይ ፕላስቲኩ በስፌቱ በኩል ከተሰነጠቀ ተራ ውሃ የሞላህበት ሞተር ተርሞስታቱ ገና ሳይከፈት ውስጡ እየፈላ ነው። ጭራሽ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ቀስት እንዲረጋጋ ተደርጎ የተሰራ ነው፣ ከ75 እስከ 115 ገደማ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እሱ ሲነሳ ካየህ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሊቃጠል ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ማየት ከፈለክ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር ሚያነብ መሣሪያ) መሰካት አለብህ።

ሰካነው። 15 ደቂቃ ቆሞ ሰራ፣ ቁጥሩ ልክ ነበር እንደውም። ግን ጋሼ "ልጄ፣ አንተ ምትገዛው መኪና አይደለም፣ የሰውየውን ፀባይ ነው" አለኝ፣ ዝገት ውሃ ሞልቶ ሚነዳ ሰው ዘይቱንስ መቼ ቀየረ ነው ነገሩ። ሰነድ ጠየቅን፣ የለም። ዘይት ይበላል ወይ ብለን ጠየቅን፣ "ኧረ በጭራሽ" አለ ደላላው፣ ሻጩ ዝም አለ። ወጣን።

ሞተሩን ግን አልጠላሁትም። ድምፁ ለብቻው ሌላ ነገር ነው፣ ቱርቦ ስለሌለውም ሚበላሽ ነገሩ ያነሰ ነው። ውሃ ፖምፓ፣ ተርሞስታት፣ ፕላስቲክ መያዣ፣ ቱቦዎች፣ እነዚህን ሁሉ በአንዴ ቀይሮ በትክክለኛ ኩላንት ሚሞላ ሰው ዓመታት ይነዳዋል። "ሚቆምበት ቀን" መስመር ላይ ነው የወደቀብኝ፣ ያ ፕላስቲክ ደብረ ሲና ቁልቁለት መሃል ቢሰነጠቅ ምትኩ አዲስ አበባ መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ካልተገኘ ደግሞ ከዱባይ በሰው ነው።

ሴሊካው ላይ ብዙ አልፅፍም። ሞተሩ የቶዮታ ነው፣ ከኮሮላ ጋር የሚጋራው ዕቃ ብዙ ነው፣ ታይሚንጉ (ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር ሚያስኬደው) ሰንሰለት ነው፣ በሚቆምበት ቀን ካየኸው ከሦስቱ አንደኛ እሱ ነው። ሚታወቅ ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች ላይ ሁለተኛውን ካም (ቫልቮቹን ሚከፍት ጉብታ) ሚያስገቡ ብሎኖች መሰበር ነው፣ ምልክቱ 6,000 ዙር ካለፍክ በኋላ ሊመጣ ሚገባው ጉልበት አለመምጣቱ ነው፣ ብሎኑ ራሱ ግን ርካሽ ነው። ችግሩ እኔ ጋ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባለ ሁለት በር ነው፣ ኋላ ወንበሩ ለዘንቢል እንጂ ለሰው አይሆንም። ብቻውን ሚኖር ሰው ቢጠይቀኝ ይሄን ግዛ ነው ምለው።

ታኅሣሥ

ጂቲአይ ተገኘ፣ አዲስ አበባ፣ በእጅ ማርሽ ስድስት። አውቶማቲኩን ከመጀመሪያው አልፈለኩም፣ ጥሩ ካምቢዮ ነው ግን በየ60,000 ኪሎሜትሩ የራሱን ዘይት ይፈልጋል፣ ተቀይሮ እንደሆነ ሚነግርህ የለም፣ ውስጡ ቢበላሽ ደግሞ ሚፈታው ሰው እዚ የለም። የእጅ ማርሽ ፍሪሲዮን ግን ጋሼ አይኑን ጨፍኖ ያወርደዋል።

የፈተሽነውን በቅደም ተከተል ሳይሆን እንደመጣልኝ ላስቀምጥ።

ስካነር ሰክተን ቁልፍ ከፍተን ሞተር ሳናስነሳ የአየር ግፊቱን አነበብን። አዲስ አበባ ላይ ከባህር ጠለሉ 1,013 ሚሊባር በደንብ ዝቅ ማለት አለበት፣ ሴንሰሩ ከ1,000 በላይ ቢነግርህ ይዋሻል፣ ሚዋሽ ሴንሰር ይዘህ ደግሞ ቱርቦውን መፈተሽ አትችልም። ልክ ነበር።

ኮምፕሬሽን፣ ሲሊንደሩ አየሩን ሚጨምቅበትን ግፊት፣ ለካን። እዚ ላይ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ ሚመጣ ሰው ጤነኛ ሞተር "አልቋል" ብሎ ይመለሳል። ጌጁ ሚያነበው ከውጪው አየር ተነስቶ ነው፣ አየሩ ሳሳ ካለ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል፣ ባህር ጠለል ላይ 12 ባር ሚሰጥ ሲሊንደር ደብረ ብርሃን ላይ 8 ከምናምን ቢሰጥህ ምንም አልሆነም። ሚታየው በአራቱ መሃል ያለው ልዩነት ነው። ያንዱ ብቻ ከወረደ ፋሻ ወይ ቫልቭ ነው። የኛዎቹ ተቀራራቢ ነበሩ። ነዳጁን እስከመጨረሻው ረግጠህ ነው ምትለካው ታዲያ፣ አለበለዚያ አየር አይገባም።

ከዛ ዋናዋ። የዚ ሞተር ከፍተኛ ግፊት ቤንዚን ፖምፓ ካምሻፍቱ (ካሞቹ ያሉበት ዘንግ) ላይ ነው ሚነዳው፣ በመሃላቸው ትንሽ የብረት ቆብ አለች፣ ጥቁር ሽፋን ያላት። ሽፋኑ ሲያልቅ ብርማ ትሆናለች፣ ከዛ ትበሳለች፣ ከተበሳች በኋላ ፖምፓው ካምሻፍቱን መብላት ይጀምራል። ቆቧ ርካሽ ናት፣ ካምሻፍትና ፖምፓ ግን የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ቁራሽ ይወስዳሉ። ሻጩን ፖምፓውን እንፍታ ስንለው ቅር አለው፣ "ሰውዬ፣ ሦስት ብሎን ነው፣ ካልተመቸህ እዚሁ እንለያይ" አለው ጋሼ። የቤንዚኑን ግፊት አውጥቶ ፈታው። ቆቧ መሃሏ ላይ ቀለሟ ትንሽ ለቋል፣ አልተበሳችም፣ ካሙ ለስላሳ ነው። ሻጩ ስለዚች ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረን፣ ስለዚ ዋጋ ላይ ተነጋገርን።

ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ ወረቀት የለም። ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ነው፣ እሱንም ከዋጋው ላይ አስወረድን። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን፣ ዕዳ ዕገዳ እንደሌለበት፣ ቀረጡ የተከፈለ መሆኑን አየን። ይሄ ሳይጣራ ቀብድ አይሰጥም።

ጥር

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ስም ዞረ። ቀብድ ከሰጠሁ ጀምሮ ግን ዕቃ ስሰበስብ ነበር፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ዕቃ እንዳይጠብቅ። ዕቃዎቹን በሦስት ከፋፍያቸዋለሁ፣ ለኔ አስተማማኝነት ማለት በቃ ይሄ ክፍፍል ነው።

አንደኛ፣ እዚሁ ሚገኝ፦ ባትሪ፣ ጎማ (16 ካደረኩት በኋላ)፣ ፍሬን ዘይት፣ አምፖል፣ ፊውዝ፣ ኩሽኔታ በቁጥሩ ከፈለክ። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ተፈልጎ ሚገኝ፦ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮዎች፣ ሱፖርቶ፣ አሞርዛተር። እዚ ላይ ጎልፍ ጥቅሙ ታየኝ፣ ከሞተሩ ውጪ ያለው ብዙ ነገሩ ተራው ጎልፍና ጄታ ላይ ያለ ነው። ሦስተኛ፣ ከውጪ ሚመጣ፦ ቆቧ፣ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓው፣ የቱርቦው አየር መልቀቂያ ቫልቭ፣ የማቀጣጠያ ኮይሎች፣ የታይሚንግ ቤልት ሙሉ ስብስብ ከውሃ ፖምፓው ጋር። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያለ ርካሽ ነገር ሁሉ ሳይበላሽ ተገዝቶ ቤት መቀመጥ አለበት። ሁለት ኮይል፣ አንድ ቫልቭ፣ አንድ ቆብ አልጋ ስር አሉኝ አሁን፣ ባለቤቴ ስቃለች ግን መስመሩን ያስገባችው እሷ ናት።

ሥራው፦ ቤልት፣ ውሃ ፖምፓ፣ ትክክለኛ ኩላንት፣ ቆቧ፣ ካንዴላ፣ የአየርና የቤንዚን ፊልትሮ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የሞተር ዘይት ፋብሪካው 502 ብሎ በሚጠይቀው ደረጃ። የዘይት ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ያንን ቁጥር አይቼ ነው የገዛሁት፣ "ለሁሉም ይሆናል" ሚለውን ሰምቼ አይደለም። ፍሬን ዘይቱ ሲወጣ ሻይ መስሎ ነው የወጣው።

ፍሬን ዘይቱን ያልኩት ደብረ ሲና ስላለ ነው። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ሁለት ሺ ሜትር ገደማ ትወርዳለህ፣ ዘይቱ ውሃ ከጠጣ ቁልቁለቱ መሃል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሥራው ካለቀ በኋላ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘው ወረድን፣ ፔዳሉ ከላይ እንደነበረው ታችም ጠንካራ ነው። ይሄን መንገድ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) ሚወርድ ሰው አሁንም አለ፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ስትለቅ እኮ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል፣ በፎሌ ግን ሞተሩ ላለመጥፋት ይጠጣል። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ስካነሩ ቱርቦው ሚጠየቀውንና ሚሰጠውን ግፊት ጎን ለጎን አሳየን፣ አብረው ነው የሄዱት፣ ማፍሰሻ የለም። ሲኖዎቹን ቦታ ባገኘሁበት አለፍኳቸው። ስለዚ ስሜት ብዙ አልፅፍም፣ ጋሼ ግን "ቀስ በል አንተ" ብሎኛል።

የካቲት

ፍጆታ ለመለካት ጢም አድርጌ ሞልቼ፣ አዲስ አበባ ደርሼ ተመልሼ፣ እዛው ማደያ እንደገና ሞላሁ። መሄዱን ብቻ ምትለኩ ሰዎች ራሳችሁን ነው ምታታልሉት፣ ወደ አዲስ አበባ ወደ 500 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ፣ ስትመለስ ትከፍለዋለህ። ደርሶ መልሱ ከ8 ሊትር ትንሽ ከፍ አለ፣ ከተማ ውስጥ ግን ከ11 አይወርድም። ዘይት ይጠጣል ትንሽ፣ ፋብሪካው በ1,000 ኪሎሜትር እስከ ግማሽ ሊትር ይፈቅዳል፣ የኔ ከዛ በጣም ያነሰ ነው፣ ግን ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ዲፕስቲኩን አወጣለሁ።

ቤንዚን ከተማው ውስጥ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን አልገዛም፣ ይሄን ውሳኔ ወስኛለሁ። ውሃ ወይ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ቤንዚን ቪትዟን ያንተፋትፋታል፣ እዚ ሞተር ላይ ግን ፖምፓውን ነው ሚያገኘው፣ ፖምፓው ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ነው። ግማሽ ታንክ ሲደርስ እሞላለሁ፣ ሰልፍ ካለ ቪትዟን ነው ማሰልፈው። አዎ፣ ቪትዟን አልሸጥኳትም፣ ሒሳቡ ውስጥ የሷ ኢንሹራንስና ቦሎም አለ፣ ፈጣን ያረጀ መኪና ብቸኛ መኪናህ ከሆነ ግን "ሚቆምበት ቀን" ሚለው መስመር ብቻውን ኮሮላ ያስገዛሃል።

እስካሁን ከግዢው ውጪ የወጣው በታንክ ሲሰላ ትልቁ የታይሚንግ ስብስቡ ነው፣ ቀጥሎ አራቱ ጎማ፣ ነዳጁ ራሱ ሦስተኛ ነው። ዓመት ሲሞላ ነዳጁ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም፣ ታይሚንጉ አንዴ ነውና።

የቀረው የቫልቮች ጥላሸት ነው። ቤንዚኑ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን ሚያጥባቸው ነገር የለም፣ የዘይት ጭስ እየጋገረባቸው ይሄዳል፣ ምልክቱ ጠዋት በብርድ ሲነሳ መንገዳገድ ነው፣ የኔም ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይንገዳገዳል። ማኒፎልዱን (የአየር ማስገቢያ ቱቦዎቹን) አውርዶ፣ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ቫልቮቹ የተዘጉበትን ሲሊንደር እየመረጡ በኬሚካልና በብሩሽ ማፅዳት ነው፣ የጉልበት ሥራ ነው እንጂ ብዙ ብር አይጠይቅም። የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮንና የኢንጀክተሮቹ (ቤንዚን ሚረጩት) ማሸጊያ ጎማዎች ከዱባይ ታዘዋል። እነሱ እጄ እስኪገቡ ብሎን አልነካም፣ ጋሼም እስከዛ የራሱን ሥራ ይስራ ብዬዋለሁ።